መንግሥት የማንም ልጅ አይደለም

«እናቴ ምሳዋን ከእኔ እጅ ካልሆነ አትበላም» አለ ወንድሟ በሬዲዮ። እህትየዋ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ይዛ ወደ መተኮሻው ማሽን ልታስገባ ነበር፤ እጇ አየር ላይ ቀረ። ሌላውን ጫፍ የያዘችው ቀጮ አንሶላውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና «እጅሽን እንዳይበላሽ» አለቻት። ቀጮ የሚሏት ከልብስ ማጠቢያው ሴቶች ሁሉ ወፍራሟ እሷ ስለሆነች ነው። ሬዲዮው የተንጠለጠለው ከበሩ በላይ ካለው ምስማር ላይ ነው፤ እንፋሎት ሲጠጣ ስለኖረ በውስጡ የሚናገረው ሰው ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። የወንድሟ ድምፅ ግን በዚያም ውስጥ አልፎ ይታወቃል። አይቸኩልም፤ ቃላቱን እንደታጠፈ ፎጣ አንዱን ባንዱ ላይ ይደረድራል። ጠያቂው ያነሳበት እሱ በወሩ መጨረሻ እንዲዘጉ ያዘዛቸውን የአረጋውያን ቀን መዋያዎች ነገር ነበር። ወንድሟም መንግሥት የማንም ልጅ አይደለም፣ እናት የሚጦረው የወለደችው ነው፣ እናቱን ለመዋያ የሚያስረክብ ሕዝብ ነገ አገሩንም ማስረከብ አይከብደውም ሲል መለሰ። ቀጥሎ ስለ ወዳጅ አገሩ ተጠየቀ። እኛ ትንሽ አገር ነን አለ፤ ጎረቤቶቻችን በየስብሰባው ሲያቅፉን ኖረዋል፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን የእርዳታ መርከብ የላከልን አንዱ ብቻ ነው። ወዳጅነት ደግሞ መቀበል ብቻ አይደለም፤ እነሱ የጎደላቸውን እኛ እንሞላለን። የጎደላቸው ሰው ነው። አገራቸው በሽማግሌና በአሮጊት ተሞልቷል፣ የሚያነሳቸው የሚያጥባቸው ወጣት ግን የለም። በአዲሱ ስምምነት የመጀመሪያው ዙር ልጃገረዶች በቅርቡ ይሄዳሉ፤ ሠልጥነው፣ በሕግ ተጠብቀው፣ በክብር።

«እንግዲህ እነሱ መርከብ ይልኩልናል፣ እኛ አሮጊት የምታጥብ ልጅ እንልክላቸዋለን» አለች ቀጮ። «ክፉ ልውውጥ አይደለም። ችግሩ መርከቡ የኔን እናት አያጥባትም።» ሴቶቹ ሳቁና ሰረቅ አድርገው እህትየዋን አዩ። የተከበሩት የማን ወንድም እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። እናትየዋ የምትኖረው የት እንደሆነም ያውቃል፤ እህትየዋ ጠዋት ጠዋት እየሮጠች የምትገባው፣ ማታ ማታ ከሁሉም ቀድማ ሽርጧን የምትፈታው፣ እናቷን መዋያው በር ላይ አድርሳ ለመመለስና መዋያው ሳይዘጋ ለመድረስ ነው። እሷም አንሶላውን አስተካክላ ለማሽኑ አቀበለችው፤ አንሶላው በወዲያ በኩል ሞቆና ለስልሶ ወጣ።

ዛሬ እናትየዋ መዋያ አልሄደችም። ገና ሳይነጋ የወንድሟ ሾፌር በሩን አንኳኩቶ፣ የተከበሩት እናታቸውን ለምሳ እንደሚፈልጓቸው በትሕትና ተናግሮ፣ አሮጊቷን ከነብርድ ልብሷ ታቅፎ ወርዶ ነበር። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ተሽከርካሪ ወንበሩን የያዘችው ልጅቷ ናት፣ የእህትየዋ ልጅ። አብራ መሄድ እንዳለባት አጎቷ ከትናንት ጀምሮ ነግሯታል፤ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደኋላ አስይዛ ነበር። ሸሚዙን ማታ የተኮሰችው እናቷ ናት፤ ክሳዱን ሁለት ጊዜ ነው የመለሰችበት። ልጅቷ የሕሙማን እንክብካቤ ሥልጠናዋን ጨርሳለች፤ አሁን ደግሞ ማታ ማታ የከተማው ሆስፒታል ውስጥ ለልምምድ ትገባለች። እዚያ ከቀጠሯት ነገሩ ሁሉ ይቃለላል ብላ እህትየዋ ለብቻዋ ስታሰላ ከርማለች። ልጅቷ የሌሊት ፈረቃ ትገባለች፣ ቀን አያቷን ትጠብቃለች፣ ማታ እሷ ትቀበላታለች፤ መዋያው ቢዘጋም እንደምንም ይኖራል። ልጅቷ እስክትቀጠር ግን፣ ቀን ቀን ሱቅ ስለምትሸጥ፣ መዋያው መዘጋት የለበትም። አሮጊቷን ቤት ውስጥ የምታይ ሴት ልቅጠር ቢሉ የሴትየዋ ደሞዝ ከራሷ ከእህትየዋ ደሞዝ ይበልጣል፤ ሥራ ትቶ መቀመጥ ደግሞ የቤት ኪራዩን ማን ሊከፍል ነው። ስለዚህ ዛሬ ልትለምነው ቆርጣለች። ለራሷ አንዳች ነገር ጠይቃው አታውቅም።

ተቆጣጣሪዋ ፈቃዱን ሰጠቻት፤ የግማሽ ቀን ደሞዟን እንደምትቆርጥ ግን ሳትነግራት አላለፈችም። «ለወንድምሽ ሰላምታ አቅርቢልን» ብላም ጨመረች፤ በቀልድ ይሁን በቁም ነገር ከፊቷ አይታወቅም። አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ነው የሄደችው። ባለፈው ወር ታሪፉ ጨምሯል፤ አንድ ሽማግሌ ከትኬት ቆራጩ ጋር ስለዚሁ ሲጨቃጨቁ መንገዱ አለቀ። ወንድሟ ያለበት ሰፈር ዛፍ ይበዛዋል፤ ሰው ግን በእግሩ አይሄድበትም፣ እግረኛ ሲታይ ዘበኞቹ ቀና ይላሉ።

የወንድሟ ቤት የሀብታም ቤት አይደለም። ሶፋው ሲያገባ የተገዛው ያው ሶፋ ነው፣ ክንዱ ላይ ተጨራምቶ በፎጣ ተሸፍኗል። ሰረቀ ብሎ የሚያማው ጠላት እንኳ የለውም። ምድር ቤት ያለችው፣ መጻሕፍቱን ይደረድርባት የነበረች ክፍል ግን ዛሬ የእናት ክፍል ሆናለች። አዲስ አልጋ ገብቶባታል፤ ከራስጌው በላይ የእናትየዋ የወጣትነት ፎቶ ተሰቅሏል፤ መስኮቱ ላይ የቆመው አበባ ገና በላስቲኩ ነው። አሮጊቷ ሦስት ትራስ ተደግፋ፣ ሰማያዊ ብርድ ልብስ ለብሳ ጣራ ጣራውን ታያለች። እህትየዋ ጎንበስ ብላ ብርድ ልብሱን ስታስተካክል ከግርጌው የዋጋ ወረቀቱ በክር ተንጠልጥሎ አገኘችው። ዋጋውን አነበበችና መልሳ ወደ ፍራሹ ሥር ወተፈችው። ለምርጫው ሊቀርጹት የመጡት የካሜራ ሰዎች ሽቦ ይዘረጋሉ፣ የወንድሟ ሚስት ጫማ አስወልቃቸው ኖሮ በካልሲ ነው የሚንሸራተቱት። ልጅቷ ከወጥ ቤት ትሪ ይዛ ስትወጣ እናቷን አየቻትና ዓይኗን ቶሎ ከእሷ ላይ አነሳች፤ ሥራ በዝቶባት ይሆናል አለች እህትየዋ በልቧ።

ወንድሟን ያገኘችው በወጥ ቤቱና በክፍሉ መካከል ባለው ኮሪደር ነው። «እትዬ፣ እንኳን መጣሽ» ብሎ ሁለቱን ጉንጮቿን ሳማት፤ ፊቱ ላይ ለካሜራ የተቀባው ዱቄት ይሸታል። ሳትዞር ሳትጠመዝዝ ነገረችው። ሁሉንም ክፈት አላልኩህም፤ ያቺን የኛን ሰፈር መዋያ ብቻ፣ ልጅቷ እስክትቀጠር ድረስ ተዋት። እሱም ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጣት፤ በልጅነቱም የሚያዳምጠው እንዲህ ነበር። ከዚያ እንደማይሆን አስረዳት። የራሴ እናት የምትውልበትን ትቼ የሌላውን ሰው እናት መዋያ ብዘጋ በየትኛው ዓይኔ ሰው አያለሁ አላት። ይህን ሲል ምንም አላፈረም፤ የሚያሳፍርም ነገር አልነበረውም፣ የሚናገረውን ያምንበታል። ሌባ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀላት ነበር።

«እኛን ማን አሳደገን?» አላት። «መንግሥት ነው?»

«እማዬ ናት።»

«እንግዲያውስ?»

«እማዬ የሰው ልብስ ስታጥብ አንተን ያዘልኩህ እኔ ነኝ» አለች። «ትምህርት ቤት ያልገባሁት ለዚያ ነው።»

ዓይኑ ትንሽ ረጠበ። ከዚያ ትከሻዋን ያዝ አድርጎ «ይህን እኮ ንግግሬ ውስጥ ማስገባት ነበረብኝ» አላት። «ቤተሰብ ማለት ይኸው ነው።»

እንግዲያው እማዬ እዚሁ ትቅር አለችው። አልጋውም ተገዝቷል፣ ብርድ ልብሱም አለ፣ አንተም በእጄ ነው የማበላት ብለሃል። እሱ ወደ ሳሎኑ አየ። ሚስቱ ወገቧን እንደሚያማት፣ እሱ ደግሞ የሳምንቱን ግማሽ ከከተማ ውጭ እንደሆነ፣ ምርጫው ይለፍና ተቀምጠው እንደሚነጋገሩበት ነገራት። የምርጫው ነገር ሲነሳ ድምፁ ወደ ሬዲዮው ድምፅ ተመለሰ። በዚህ መሀል ከካሜራ ሰዎቹ አንዱ ተዘጋጅተናል ብሎ ጠራው።

እህትየዋ ፎጣ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። እናቷ ከታመመች ወዲህ ሾርባ ማብላት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ጥርሷን ትነክሳለች፣ ማንኪያውን በምላሷ ትገፋለች፣ ሲብስባት ትተፋለች። አንድ ሳህን ለመጨረስ ከመብራት ማብሪያ እስከ መኝታ ሰዓት የሚፈጅበት ቀን አለ። ስለዚህ ፎጣውን ባንድ ጫፉ አርጥባ ባንዱ ደረቅ ትታ ጠበቀች፤ ልቧም ውስጥ ትንሽ ክፋት ገብቶባት ነበር፣ ትትፋበት ትል ነበር። ወንድምየው የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ማንኪያውን ወደ አፏ አቀረበላት። አሮጊቷ አየችው፤ ፊቷ ላይ ያለው ሽብሽብ ሁሉ ተፈታ። አፏን ከፈተች። ዋጠች፣ ደግማ ከፈተች፣ ሦስተኛው ላይ «ሆዴ» አለችው፤ ከታመመች ጀምሮ እህትየዋ ያልሰማችው ቃል ነው። ሳህኑ እስኪያልቅ አንዲት ጠብታ አገጯ ላይ አልወረደችም። ካሜራ የያዘው ሰው ራሱ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ፤ በሌላ እጁ ደግሞ እህትየዋን ወደ ጎን እንድትል ምልክት ሰጣት፣ ትከሻዋ ምስሉ ውስጥ ገብቶበት ነበር። ከበሩ ወጣችና ፎጣውን አጥፋ ኮሪደሩ ላይ ቆየች። አሁን ውሸት ነው ብላ ለማን ትናገራለች? እውነት ሆኗል፣ እያየች።

የካሜራ ሰዎቹ ሽቦአቸውን ጠቅልለው ሲወጡ የወዳጅ አገሩ እንግዳ ገቡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የደከማቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሲቀመጡ ጉልበታቸውን በእጃቸው ነው የሚያጥፉት። ክፍሉ ድረስ ሄደው የአሮጊቷን እጅ ያዙ፣ ረጅም ጊዜ አልለቀቁትም። ገበታው ላይ ሩዝና ዶሮ ቀርቧል። ወንድምየው በእንግዳው አገር ስለተማረ ቋንቋውን ይችላል፤ ግን «ዛሬ ከኔ የተሻለ አስተርጓሚ አለኝ» ብሎ ፈገግ አለና ወደ ወጥ ቤት ተጣራ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰችው ልጅ መጣች፣ ከእንግዳው ጎን ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ አፏን ከፍታም ተናገረች። እህትየዋ መጀመሪያ ልጅቷ የምትቀልድ መሰላት፤ ትንሽ ሳለች ያልሆነ ቋንቋ እየፈጠረች ታስቃት ነበርና። እንግዳው ግን መለሱላት። ልጅቷም ደግማ ተናገረች፣ እሳቸውም ሳቁ፣ ወንድምየውም አብሮ ሳቀ። ማታ ማታ ሆስፒታል አልነበረችም ማለት ነው። የሆስፒታሉን ሽታ፣ የነርሶቹን ጠብ፣ ያ ከአልጋው የወደቀውን ሽማግሌ፣ እራት ላይ የምታወራውን ሁሉ ከየት አመጣችው? ወንድምየው ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ነገሩን ተናገረ። የመጀመሪያው ዙር ላይ የእህቴ ልጅ አለችበት፤ የራሴን ሳላስቀድም የሰው ልጅ አልልክም። ይህንንም ከልቡ ነው ያለው። ሚስቱ በቀስታ አጨበጨበች። ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አላየችም፤ የዳቦ ፍርፋሪ በጣቷ እየለቀመች ወደ ሳህኗ ታስገባለች።

ሩዙ ከቀዘቀዘ በኋላ እንግዳው ወደ እህትየዋ ዞሩ። ከገቡ ጀምሮ ዝም ያለችው እሷ ብቻ ስለሆነች ይሆናል። አንድ ነገር ጠየቁ፤ ጥያቄው አጭር ነበር።

«እማ» አለች ልጅቷ ወደ ዳቦው እያየች፣ «የእሳቸው እናት ሰው በሌለበት ነው አሉ የሞቱት። አያቴን የሚንከባከባት ማን እንደሆነ ካንቺ መስማት ይፈልጋሉ።»

እህትየዋ ሹካዋን አስቀመጠች። «እኔ ነኝ በያቸው» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «የምትኖረው እኔ ክፍል ነው፤ እሷና እኔ ከመጋረጃው ወዲህ፣ አንቺ ከመጋረጃው ወዲያ። ቀን መዋያ ትውላለች፤ መዋያውን ወንድሜ ሊዘጋው ነው። የቀረችኝን ልጄን ደግሞ እሳቸው ሊወስዱብኝ ነው። ሳትቀንሺ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው።»

የሚስቲቱ ማንኪያ ሳህኑን ነክቶ ቆመ። ወንድምየው እህቱን አላየም፤ ያየው ልጅቷን ነው። በሳህኖቹ መካከል ያለው የውኃ ጠርሙስ ላይ ጠብታ ሲወርድ ይታያል። ልጅቷ ከንፈሯን በጨርቅ ነካ ነካ አደረገች፣ ወደ እንግዳው ዞረች፣ እናቷ ከተናገረችው በጣም ባነሰ ቃል ተናገረች። እህትየዋ ቋንቋውን አታውቅም፤ የሽማግሌውን ፊት ግን ከቅርብ አየችው። ፊታቸው ቀስ እያለ በራ፤ ዓይኖቻቸው እንባ አቀረሩ። መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መጀመሪያ ለወንድምየው፣ ቀጥሎ ለእሷ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ የውኃ ብርጭቋቸውን አነሱ። ወንድምየውም የራሱን አነሳ።

አሮጊቷን ወደ መኪናው ሲያወጧት የወንድሟ ሚስት ሰማያዊውን ብርድ ልብስ በር ላይ ተቀበለቻት፤ መኪናው ውስጥ እንዳይቆሽሽ አለች፣ አሮጌውንም መልሳ አለበሰቻት። ወንድምየው የመኪናውን በር ራሱ ዘጋ። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «ልጅሽን በደንብ ነው ያሳደግሻት፣ እትዬ» አላት። መንገድ ላይ ሾፌሩ ሬዲዮ ልክፈት ወይ ሲል እህትየዋ ተወው አለችው።

በእህትየዋ ክፍል ገና ሳይመሽ መብራት አበሩ፤ መስኮቱ ከወዲያኛው ሕንፃ ግድግዳ ጋር ስለሚተያይ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ይጨልማል። እህትየዋ ሾርባ አሞቀችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አሮጊቷ ጥርሷን ነከሰች። ልጅቷ ሸሚዟን አውልቃ በሳፋ ውስጥ ታጥባለች፤ ውኃው ሲንጠባጠብ ይሰማል።

«ምን አልሻቸው?» አለች እናቷ ሳትዞር።

ልጅቷ እጅጌውን ማሸቷን አላቋረጠችም። «ወንድሜ ነው የሚጦራት፣ እኔ አግዘዋለሁ ብላለች አልኳቸው።»

ማንኪያው ከአሮጊቷ ከንፈር ላይ ተመለሰ፤ ሾርባው በአገጯ ወርዶ አንገቷ ሥር ገባ። እህትየዋ በፎጣ ጠረገችው። ልትናገር ያሰበችው ብዙ ነበር፤ መኪናው ውስጥ ሆና ሁሉንም አዘጋጅታ ነበር። ልጅቷ ግን ቀደመቻት። «እማ፣ እዚህ ብቀርም ያው አሮጊት ነው የማጥበው» አለች። በቁጣ አይደለም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «እዚያ ይከፍሉኛል።» እህትየዋ ቀጮ ጠዋት የቀለደችውን አስታወሰች፣ እሷም አብራ ፈገግ ብላ ነበር።

ልጅቷ እጇን አድርቃ መጣች፣ ማንኪያውንም ከእናቷ እጅ ወሰደች። አልጋው ሥር ተንበርክካ ፊቷን ወደ አያቷ አስጠጋች፤ በዚያ ቋንቋ አንድ ነገር በለሆሳስ ተናገረች። ትምህርቷን እየደገመች እንደሆነ ያስታውቃል፤ ግን ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፣ በገዛ ቋንቋዋ ለአያቷም ለእናቷም እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግራ አታውቅም። አሮጊቷ አዳመጠች። ጥርሷን ፈታች፣ አፏን ከፈተች፣ ዋጠች። ልጅቷ ያንኑ ቃል ደገመችው፤ አሮጊቷ ደግማ ዋጠች።

«ምን ማለት ነው?» አለች እህትየዋ።

«አይዞሽ፣ ቀስ እያልሽ፣ እኔ የትም አልሄድም ማለት ነው» አለች ልጅቷ። «መጀመሪያ የሚያስተምሩን እሱን ነው።»

ሸሚዙ ሳፋው ውስጥ ስለቀረ ልጅቷ ልታሰጣው ተነሳች፤ ማንኪያውንም ለእናቷ መለሰችላት። እህትየዋ ከሳህኑ ቀድታ፣ እፍ ብላ አቀዝቅዛ አቀረበችላት። «አይዞሽ፣ እማዬ» አለቻት። «ቀስ እያልሽ። እኔ የትም አልሄድም።»

አሮጊቷ አፏን ገጠመች፤ በእህትየዋ ትከሻ ላይ አሻግራ በሩን ታያለች።